በሩን ማን ይጠብቃል? አሜሪካ ላሉ ቤተክርስቲያኖቻችን የበጎ ፈቃድ ጥበቃ ቡድን ማቋቋሚያ መመሪያ

ዕለቱ ስቅለት ነበር። አሜሪካ ውስጥ እኛ በምንሳለምበት ቤተክርስቲያን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ ስግደቱ ተጧጡፏል። በሴቶች በኩል አንዲት እናት ተዝለፍልፈው ወደቁ። ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ 911 ደወለ። አንዱ የፊቱን መንገድ አድራሻ ሰጠ። አንዷ የኋላውን ሰጠች። ሦስተኛው ደንግጦ የቤተክርስቲያኑን ስም ብቻ ደጋገመ። አምቡላንሱ በኋላው በር መጣ። በሩ በሰንሰለት ተቆልፏል፤ ቁልፉ ያለው ሰው ደግሞ የዚያን ቀን ሥራ ገብቷል። እማማ ተርፈዋል፣ ተመስገን። እነዚያ ደቂቃዎች ግን እስካሁን ከጭንቅላቴ አልወጡም።

ከዚያ በፊት ስለ ጥበቃ ሲነሳ ወሬያችን ሁሉ ስለ ታጣቂ ነበር። ፍርሃቱ ከሜዳ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. ሰኔ 17 ቀን 2015 ቻርለስተን ውስጥ አንድ ወጣት በኢማኑኤል ቤተክርስቲያን የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ላይ ተገኘ። አንድ ሰዓት ያህል አብሯቸው ተቀምጦ ዘጠኝ ሰው ገደለ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2017 በቴክሳስ ሰዘርላንድ ስፕሪንግስ በአንድ እሁድ ጠዋት የ26 ሰው ሕይወት ጠፋ። ይህን ማንም ሊረሳው አይገባም።

የእኛን ሰው የቀጠፉ ሌሎች አደጋዎችም አሉ። በ2012 ዓ.ም ጥምቀት ጎንደር ላይ የእንጨት መቀመጫ ተደርምሶ ሰዎች ሞቱ። መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም በምንጃር ሸንኮራ አረርቲ ማርያም የግንባታ መወጣጫ እንጨት ወድቆ ከ30 በላይ ምእመናን አለቁ። ጥይት አልተተኮሰም። ስለዚህ ቡድን ስታቋቁሙ ታጣቂውንም፣ እሳቱንም፣ የወደቁትን እማማንም አስባችሁ አቋቁሙ።

ከዚህ በታች ያለው እኛ በሄድንበት ቅደም ተከተል ነው። አንዳንዱን ዘግይተን ነው የተማርነው፤ እናንተ ቀድማችሁ ጀምሩበት።

1. ፈቃዱን በጽሑፍ ያዙ

ቡድኑን በዋትስአፕ ግሩፕ አትጀምሩት። በደብሩ አስተዳዳሪና በሰበካ ጉባኤው የተፈረመ አንድ ገጽ ወረቀት ይኑራችሁ። ቡድኑ ተጠሪነቱ ለማን እንደሆነ ይጻፍ። ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራም ይጻፍ። አስተባባሪውን ማን እንደሚመድብና ማን እንደሚያነሳም እንዲሁ።

"የማይሠራው" የሚለውን ክፍል እንደ ቀላል አትዩት። በውጭ ያሉ ቤተክርስቲያኖቻችንን የምታውቁ ነገሩ ይገባችኋል። ሰበካ ጉባኤ ይጣላል፣ ምእመን ለሁለት ይከፈላል፣ ቁልፍ ይቀየራል፣ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ይደርሳል። ያን ቀን አንደኛው ወገን ወደ እናንተ መጥቶ "እነዚህን አስወጡልን" ይላል። አንዴ እሺ ካላችሁ ቡድኑ አለቀለት። ከዚያ በኋላ ግማሹ ሕዝብ በር ላይ የቆመውን ሰው የሚያየው እንደ ባላጋራ ነው። ባላጋራ ለሚመስለው ሰው ደግሞ ማንም ምስጢሩን አይነግርም፤ "ባለቤቴ ዛቻ ልኮብኛል" ብላ የምትመጣ ሴትም አትኖርም። ቡድኑን በሕይወት የሚያቆየው ከሁሉም ወገን የሚያገኘው አመኔታ ነው።

እኛ ወረቀቱ ላይ እንዲህ ብለን ጻፍን፦ ቡድኑ በአስተዳደር፣ በፖለቲካ ወይም በዘር ክርክር ምክንያት ማንንም አያስወጣም፤ ጠቡ ለሰው ሕይወት የሚያሰጋ ከሆነ ፖሊስ ይጠራል። ይህችን ዓረፍተ ነገር እንዳለች ብትወስዷት ደስ ይለኛል።

በዚያው ሳምንት ለቤተክርስቲያኑ ኢንሹራንስ ደውሉ። በጎ ፈቃደኞች በሥራ ላይ ሳሉ ቢጎዱ ወይም ሰው ቢጎዱ ውሉ ይሸፍናል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን በኢሜይል ያድርጉላችሁ። ከምእመናኑ መካከል ጠበቃ ካለ ወረቀታችሁን ያንብብላችሁ።

2. ሰው ምረጡ

ጥሪው ሲተላለፍ ቀድሞ እጁን የሚያወጣው ሰው ሁልጊዜ ትክክለኛው ሰው አይደለም። ስለ መሣሪያ ብቻ የሚያወራውን፣ ቶሎ የሚቆጣውን፣ ዩኒፎርም የሚያጓጓውን በፍቅር ወደ ሌላ አገልግሎት አዙሩት። የምትፈልጉት ረጋ ያለ፣ የሰው ስም የማይረሳ፣ ሲሰድቡት የማይመልስ ሰው ነው።

ጥሩ ዜናው ሰዎቹ እዚያው መካከላችሁ መሆናቸው ነው። በየአጥቢያው ነርሶች አሉ። በፓርኪንግና በሆቴል ጥበቃ ለዓመታት የሠሩ፣ የሌሊት ሰካራም በአንደበታቸው ብቻ ሲያበርዱ የኖሩ ወንድሞች አሉ። የቀድሞ ወታደሮች አሉ። ሰው ፊት ላይ ያለውን በመስታወት ማንበብ የለመዱ የታክሲና የኡበር ሾፌሮች አሉ። እየሄዳችሁ በስማቸው ጠይቋቸው። በመድረክ ከሚተላለፍ ማስታወቂያ ይልቅ "አንተን ፈልገን ነው የመጣነው" የሚለው ይሠራል።

ሦስት ሰዎች ግን ሊቀሩ አይገባም። አንደኛ፣ ሴቶች። በቅዳሴ ሰዓት በሴቶች በኩል የሆነውን ወንድ ቆሞ ሊያይ አይችልም፤ የወደቀችን እናት ነጠላ ገልጦ ለመርዳትም ሴት ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ ዲያቆን። መቅደስ ውስጥ አንድ አባት ቢወድቁ ነርሷ ዘላ አትገባም። ስለዚህ ቢያንስ ሁለት ዲያቆናት የመጀመሪያ እርዳታ ይሠልጥኑ። ሦስተኛ፣ እዚህ አገር ተወልደው ያደጉ ወጣቶች። ከፖሊስና ከእሳት አደጋ ሰዎች ጋር ሳይደነግጡ በእንግሊዝኛ የሚነጋገሩት እነሱ ናቸው።

ከአንድ ሰፈር፣ ከአንድ ማኅበር፣ ከአንድ ቋንቋ ብቻ አትሰብስቡ። ዝርዝሩን አንብባችሁ "የእነ እገሌ ቡድን" የሚያሰኝ ከሆነ እንደገና ጀምሩ።

ቁጥሩን በተመለከተ፣ ሦስት መቶ ሰው ለሚመጣበት እሁድ ስድስት ሰው ይበቃል። አንድ ሰው በወር አንድ እሁድ ብቻ እንዲያገለግል ከፈለጋችሁ 24 ሰው ማለት ነው። 24 ካላገኛችሁ በ12 ጀምሩ። ሁሉም የወንጀል መዝገብ ምርመራ ያልፉ፤ በተለይ ልጆች ክፍል አጠገብ የሚቆሙት። ምርመራው ለአስተባባሪውም ይደረግ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የሙከራ ጊዜ ይሁኑ።

3. ቤቱን በእሁድ ዙሩት

በአዘቦት ቀን ባዶ ሕንፃ ብታዩ ምንም አይገባችሁም። ደብተር ይዛችሁ በእሁድ፣ ሰው ሞልቶ ሳለ ዙሩ። ብዙዎቹ ቤተክርስቲያኖቻችን ከሌላ እምነት ድርጅቶች የተገዙ፣ አለዚያም መጋዘን የነበሩ ሕንፃዎች ናቸው። ለእኛ አገልግሎት አልተሠሩም።

የመውጫ በሮችን ቁጠሩ። እያንዳንዱን ከውስጥ ገፍታችሁ ክፈቱት። የስንቱ በር ጀርባ ከበሮ፣ ጃንጥላና ትርፍ ወንበር እንደተከመረበት ስታዩ ትገረማላችሁ። በሕዝብ ሰዓት የመውጫ በር በሰንሰለት አይቆለፍም፤ የእሳት አደጋ ሕግም ይከለክላል። ከውጭ የማይከፈት፣ ከውስጥ ግን ሲገፉት የሚከፈት መዝጊያ አስገጥሙ። ዋጋ አለው፣ ግን ከካሜራ በፊት ገንዘባችሁን እዚህ ላይ አውሉት።

ጫማውን እዩ። መቶ ሰው ጫማውን አውልቆ በር ላይ ሲተወው በድንጋጤ ጊዜ የመጀመሪያው ሰው እዚያ ላይ ይወድቃል፤ ሌላው በላዩ ይወድቃል። መደርደሪያ ከበሩ በጎን በኩል አድርጉ። የሕፃናት ጋሪም እንዲሁ።

እሳቱ ደግሞ የእኛው ነው። ጧፍ፣ ሻማ፣ የጽና ፍም፣ ምንጣፍ፣ መጋረጃ፣ የጥጥ ነጠላ። በወጥ ቤት ለዝክር የሚቀጣጠል ጋዝም አለ። ጧፍ የሚበራበት ቦታ ብረት ወይም አሸዋ ላይ ይሁን፤ ከመጋረጃም ይራቅ። የእሳት ማጥፊያ የት እንዳለ ቡድኑ ዓይኑን ጨፍኖ ማወቅ አለበት። የቀለጠ ሰም ሲነድ ውኃ አይደፋበትም፤ ይረጭና ይባስ ይቀጣጠላል። ልብሱ የተያያዘ ሰው እንዲሮጥ አትተዉት። መሬት ላይ ተኝቶ ይንከባለል፣ በእሳት ብርድ ልብስ አፍኑለት።

የአካባቢያችሁን ፖሊስ ጣቢያ ጋብዙ። ሕንፃውን በነፃ ዞረው ምክር የሚሰጡ መኮንኖች ያላቸው ብዙ ናቸው። ሲሳ (CISA) የሚባለው የፌደራል መሥሪያ ቤትም በዚሁ ሥራ የሚረዱ አማካሪዎች አሉት፣ አያስከፍሉም። ስትጋብዟቸው ቡናም አፍሉላቸው። ስማችሁንና መልካችሁን ያወቀ ፖሊስ በችግር ቀን ሲመጣ ማን ማን እንደሆነ አይምታታበትም።

4. ቦታና ፈረቃ መድቡ

ስድስቱን ሰዎች እንዲህ አሰማሯቸው፦ አንድ ፓርኪንግ፣ ሁለት ዋናው በር (አንድ ወንድ፣ አንዲት ሴት)፣ አንድ በውስጥ በወንዶች በኩል፣ አንዲት በሴቶች በኩል፣ አንድ ልጆች ክፍል። አስተባባሪው ቋሚ ቦታ አይኑረው፤ ይዙር።

ቡድኖችን በስድስት ወር የሚበትነው ነገር ግን ሌላ ነው። በጎ ፈቃደኛው ቅዳሴ አያስቀድስም። ውጭ ቆሞ ድምፁን ብቻ ይሰማል። ሁለት ወር ይታገሣል፣ በሦስተኛው "እኔም ነፍስ አለኝ" ብሎ ይቀራል። እውነቱን ነው። ስለዚህ የሚቆርብ ሰው የዚያን ዕለት ተራ አይሰጠው። ረጅም አገልግሎት ባለበት ቀን ፈረቃው ለሁለት ይከፈል። አስተዳዳሪው አባት ደግሞ ቡድኑን በሕዝብ ፊት ይባርኩት፤ በር መጠበቅ አገልግሎት መሆኑን ሕዝቡ ይስማ። አንደኛ ዜና መዋዕል ምዕራፍ 26ን አብራችሁ አንብቡ። በረኞቹ ታናሽ ታላቅ ሳይባባሉ በየበሩ ዕጣ ተጣጥለው ነበር። እኛም የክረምቱን ፓርኪንግ በዕጣ ነው የምንመድበው፤ ኩርፊያ የቀረው ከዚያ ወዲህ ነው።

5. ሰላምታን ተማሩ

የበር አገልጋይ ዋና ሥራው ሰላምታ ነው። "እንኳን ደህና መጣችሁ" ሲል ዓይን ያያል፣ እጅ ያያል፣ በሙቀት ቀን የተለበሰ ወፍራም ካፖርት ያያል። ለማያውቁት ሰው አንድ ጥያቄ ይጨመር፦ "ከዚህ በፊት መጥተው ያውቃሉ? ከማን ጋር ላስቀምጥዎ?" ለመጸለይ የመጣ እንግዳ በዚህ ደስ ይለዋል። ክፉ ያሰበ ሰው ደግሞ መልኩ እንደታየ ይገባዋል።

መልክ ወይም የቆዳ ቀለም ምልክት አይደለም። ጎረቤት የሆነ አሜሪካዊ ዜማውን ሰምቶ ሊገባ ይችላል። ቤት የሌለው ሰው ምግብ ፈልጎ ይመጣል፤ ምግብ የት እንደሚሰጠው ቀድማችሁ ወስኑ። በጸሎት መካከል የሚጮኽ ሰው ሲኖርም አትሩጡበት። ካህን ይጠራ፣ ልጆች ራቅ ይበሉ፣ ሰውየው ራሱን እንዳይጎዳ ቦታ ይለቀቅለት። ሕመም ከሆነ ደግሞ ጸሎቱ ሐኪም ከመጥራት አያግድም። የአእምሮ ጭንቀት ላይ ላለ ሰው 988 የሚባል የስልክ መስመር አለ።

አሁን ከሁሉም በላይ እንድትሰሙኝ የምፈልገው የቤተሰብ ጠብ ጉዳይ ነው። የሰዘርላንድ ስፕሪንግሱ ገዳይ የባለቤቱ እናት በዚያ ቤተክርስቲያን ነበር የሚሳለሙት፤ ቀደም ብሎም ዛቻ ልኮላቸው ነበር። በእኛ ማኅበረሰብ ፍቺና የልጅ ክርክር በሹክሹክታ ነው የሚያዘው። የፍርድ ቤት የእግድ ትእዛዝ ያላት እህት "ምን ይሉኛል" ብላ ዝም ትላለች። ለዚህ አንድ የታመነች ሴት መድቡ፤ ስልኳ በሴቶች ክፍል ይለጠፍ። የእግዱ ቅጂና የሰውየው ፎቶ በር ላይ ላሉት ብቻ ይታይ። ወሬው ከቡድኑ ከወጣ፣ ያወጣው ሰው በዚያው ቀን ይሰናበት። በዚህ ላይ ይቅርታ አይኑር።

6. አሠልጥኑ

ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን፦ የመጀመሪያ እርዳታ፣ ቀጥሎ ጠብ ማብረድ፣ ቀጥሎ ሕዝብ ማስወጣት፣ በመጨረሻ የታጣቂ ጥቃት። ብዙዎች ከመጨረሻው ይጀምራሉ። በዓመት ውስጥ በእርግጠኝነት የሚገጥማችሁ ግን ጾም ላይ ሆኖ የሚወድቅ ሰው ነው።

ልቡ ለቆመ ሰው ደረቱ መሐል ላይ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ቢያንስ 5 ሳንቲሜትር ያህል እስኪገባ ይጫናል። ይህን በአሻንጉሊት ላይ ያልተለማመደ ሰው በጭንቀት ሰዓት አይችለውም። ልብ የሚያስነሳውን ኤ.ኢ.ዲ የተባለ መሣሪያ ግዙ። መመሪያውን በድምፅ ይናገራል፤ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ግን እናቶቻችንንም ጨምራችሁ ተለማመዱበት። ለደም መፍሰስ ቱርኒኬት የሚባለው ማሰሪያ ከቁስሉ በላይ፣ መጋጠሚያ ላይ ሳይሆን፣ ደሙ እስኪቆም ጠብቆ ይታሰራል፤ የታሰረበት ሰዓትም ይጻፋል። በየከተማው ይህን በነፃ ወይም በትንሽ ክፍያ የሚያስተምሩ አሉ።

ሕዝብ ማስወጣት ላይ ከአስተዳዳሪው ጋር ቁጭ ብላችሁ የምትነጋገሩበት ከባድ ጥያቄ አለ። ሥጋውና ደሙ በመንበሩ ላይ እያለ እሳት ቢነሳ ካህናቱ ምን ያደርጋሉ? ማን ይነግራቸዋል? ሕዝቡስ የማንን ድምፅ ይሰማል? የእኛ አባት መልሱን በአንድ ማታ ሰጡን፤ የእናንተም ይስጧችሁ። በእሁድ ጠዋት ጭስ መሐል አይወሰንም። ማይክ የሚይዘው ሰው የሚለው ቃልም ቀድሞ ይጻፍ፣ በሁለቱም ቋንቋ፣ አጭር ሆኖ፦ "ወገኖች፣ በአቅራቢያችሁ ባለው በር ቀስ ብላችሁ ውጡ። ልጆቻችሁ በኛ በኩል እየወጡ ነው።" ሁለተኛዋ ዓረፍተ ነገር ከሌለች እናቶች ሁሉ ወደ ልጆች ክፍል ይሮጣሉ፤ ከሚወጣው ሰው ጋርም ይጋጫሉ። ልጆች የሚሰበሰቡበትን ቦታ ወላጅ ሁሉ ይወቀው፤ በዓመት ሁለት ጊዜም ልምምድ ይደረግ።

ለታጣቂ ጥቃት የሚሰጠው ምክር ሦስት ቃል ነው፦ ሽሽ፣ ተደበቅ፣ ሌላ ምርጫ ከጠፋ ታገል። አሠልጣኝ ከፖሊስ ጠይቁ።

ለሁሉም በወር አንድ ሰዓት ይበቃል። ከሰንበት ትምህርት በኋላ አድርጉት፤ ሰው ቤቱ ከሄደ አይመለስም።

7. ሬዲዮና 911

ርካሽ ሬዲዮ ይበቃል። ኮድ አትፍጠሩ፣ ይረሳል። "ሴቶች በኩል ሰው ወድቋል፣ ነርስ ትምጣ" በቂ ነው። 911 የሚደውለው አንድ የተመደበ ሰው ይሁን። በየበሩ ጀርባ ካርድ ለጥፉ፤ ሙሉ አድራሻውን፣ አምቡላንስ የሚገባበትን በርና የመንገዱን ስም በእንግሊዝኛ ጻፉበት። እንግሊዝኛ የሚከብዳቸው "አማርኛ" ብለው ይጠይቁ፤ ብዙዎቹ ማእከላት አስተርጓሚ በስልክ ያገናኛሉ። አንድ ሰው መንገድ ላይ ወጥቶ አምቡላንሱን በእጁ ይምራ።

8. ስለ ጦር መሣሪያ

እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 29 ቀን 2019 በቴክሳስ ኋይት ሴትልመንት አንድ ታጣቂ በጸሎት መሐል ሁለት ሰው ገደለ። ከሁለቱ አንዱ የጥበቃ ቡድኑ አባል ነበር። ሌላ የቡድኑ አባል በስድስት ሰከንድ ውስጥ ታጣቂውን መትቶ ጣለው። ብዙዎች ይህን ታሪክ አንስተው "እንታጠቅ" ይላሉ። የመታው ሰው ግን የተኩስ አሠልጣኝ ነበር። ቡድኑም ሰውየው ሲገባ ጀምሮ፣ በሐሰተኛ ጢምና ፀጉሩ ተጠራጥሮ፣ ሲከታተለው ነበር።

የእኔ አቋም ግልጽ ነው። በወር አንዴ ዒላማ የሚተኩስ ወንድማችን፣ ሁለት መቶ ነጭ የለበሰ ሰው በሚሯሯጥበት አዳራሽ፣ ከበሽታው መድኃኒቱ እንዳይብስ እሰጋለሁ። ትልልቅ በዓላት ላይ ከሥራ ሰዓቱ ውጭ ያለ ፖሊስ በክፍያ ቅጠሩ። ደብሩ ሌላ ውሳኔ ከወሰነ ጠበቃና ኢንሹራንስ ሳታማክሩ አንድ እርምጃ አትሂዱ፤ በአምልኮ ቦታ መሣሪያ ስለመያዝ ሕጉ ከግዛት ግዛት ይለያያል። የወሰናችሁት ምንም ይሁን፣ ማንም ሰው በግሉ ደብቆ ይዞ "እኔ አለሁላችሁ" እንዳይል በወረቀቱ ላይ ጻፉት።

9. ገንዘብ

የሙዳየ ምጽዋት ገንዘብ ሁለት ዝምድና የሌላቸው ሰዎች ይቁጠሩት፤ ወደ ባንክ የሚወሰድበት ሰዓትም ይቀያየር። ለበር፣ ለመብራትና ለካሜራ በፌማ (FEMA፣ የፌደራሉ የአደጋ ጊዜ መሥሪያ ቤት) በኩል ለትርፍ ያልተቋቋሙ ድርጅቶች የሚሰጥ የጥበቃ ድጋፍ አለ። የሚጠየቀው በየግዛቱ አስተዳደር በኩል ነው። የሕንፃውን ድክመት የሚያሳይ ግምገማ ይፈልጋል፤ በሦስተኛው እርምጃ የሞላችሁት ደብተር እዚህ ይጠቅማችኋል። በአብዛኛው ግን ቀድማችሁ አውጥታችሁ በኋላ የሚተካላችሁ ገንዘብ ነው፤ ይህን ሳታውቁ ኮንትራክተር አትጥሩ።

10. በዓላት

ለጥምቀትና ለመስቀል ከሦስት ወር በፊት ጀምሩ። የፓርክ ፈቃድ ይውጣ፣ ለደመራው የእሳት አደጋ ክፍሉ ፈቃድ ይሰጥ። ደመራው የሚወድቅበትን አቅጣጫ ማንም አያውቅም፤ ስለዚህ ከርዝመቱ በላይ በሆነ ርቀት ዙሪያውን ገመድ ይከለል። ሰው የሚወጣበት መድረክ ስንት ሰው እንደሚችል የሠራው ባለሙያ በጽሑፍ ይስጥ፣ ከዚያ በላይ አንድ ሰው አይውጣ፤ ጎንደርን አስታውሱ። ታቦት ሲንቀሳቀስ ሕዝቡ ይከተላል፣ መንገዱ ሲጠብ ይገፋፋል። ሰው እጁን ማንሳት ካቃተው የኋላው ሰልፍ ወዲያውኑ ይቁም። ይህን የሚናገረው መዘምራኑ የሚያውቁት ሰው ይሁን፣ ካልሆነ አይሰሙትም።

ለፋሲካ ሌሊት ድካሙ ራሱ አደጋ ነው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መኪና የሚያስነሳ ሰው እንቅልፍ ይዞታል። ፓርኪንግ ላይ ያለው አገልጋይ መስኮት አንኳኩቶ ቡና ቢሰጥ የስንት ቤተሰብ ልጅ ያተርፋል።

11. ደብተሩ

በየእሁዱ መጨረሻ አምስት ደቂቃ ቆማችሁ የሆነውን ጻፉ። ቀን፣ ሰዓት፣ ምን ታየ፣ ማን ምን አደረገ፣ ምን ጎደለ። ሐሜት አይጻፍ፤ ይህ ደብተር አንድ ቀን ዳኛ ፊት ሊቀርብ ይችላል። የእኛ ደብተር የመጀመሪያ ገጽ ላይ የስቅለቱ ቀን ተጽፏል፦ "ስምንት ሰዓት። አንዲት እናት ወደቁ። የኋላ በር ቁልፍ የለም።" ከስሩ በሌላ እጅ ጽሑፍ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ቀን ተደርጎበት፦ "ሰንሰለቱ ተነሳ። ትርፍ ቁልፍ በቢሮው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ አራት ሰው ያውቃል።"